ወንበር ይዛችሁ ውጡ፦ የነፍሳት ጎጆ አፈላለግ

አንድ ሰሞን ማድ ቤቴን ጉንዳን ወረረው። ጠዋት ጠዋት ሲንኩ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ፍሊት እነፋለሁ፤ ይረግፋሉ። በጨርቅ ጠርጌ አወጣቸዋለሁ። በማግስቱ እዚያው ናቸው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስንታገል ከረምን። አንድ ቀን ሲሰለቸኝ ፍሊቱን አስቀመጥኩና ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ዝም ብዬ አየኋቸው። ሰልፉ ከሲንኩ ጀርባ ወረደ። ዘኮሎውን ተከትሎ ሄደ። ከበሩ ሥር ባለች ስንጥቅ ወጣ። ደጃፍ ላይ ካለ የአበባ ማሰሮ ሥር ገባና ጠፋ። ማሰሮውን ብድግ ሳደርገው ነጫጭ ዕንቁላልና እጭ የተሸከሙ ጉንዳኖች ግልብጥ ብለው ወጡ። ለካ ያን ሁሉ ቀን የታገልኩት ከደጃፌ ማሰሮ ጋር ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ጎጆ ፍለጋ ስነሣ መጀመሪያ የማነሳው ወንበር ነው።

ብዙ ሰው ጎጆ ሲፈልግ ይቆፍራል፣ ይነካካል፣ ድንጋይ ይገለብጣል። ይሄ ጊዜ ይፈጃል፤ ተርብ ከሆነ ደግሞ ያስነድፋል። ነፍሳቱ ግን ቤታቸውን ራሳቸው ያሳያሉ። በቀን ስንትና ስንት ጊዜ ይመላለሱበታል። አንዱ መሬት ላይ መንገድ ያበጃል። አንዱ በጭቃ ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ ይሄዳል። አንዱ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይበራል። መንገዱ ከተገኘ ጎጆው አይጠፋም።

ፍሊት ለምን አይበቃም?

ሁሉም ነፍሳት ጎጆ የላቸውም። እውነተኛ ጎጆ ሠርተው በብዛት የሚኖሩት ጉንዳን፣ ምስጥ፣ ንብና ተርብ ናቸው። ከንብና ከተርብም ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለልጆቻቸው ብቻ ትንሽ ጓዳ የሚያበጁ ብዙ ዝርያዎች አሉ። በረሮና ትኋን መደበቂያ እንጂ ጎጆ የላቸውም። ቢምቢ ደግሞ የቆመ ውሃ ካገኘች ሌላ አትፈልግም።

አብረው የሚኖሩት ላይ ፍሊት የማይበቃበት ምክንያት ቀላል ነው። እኛ የምናየው ምግብ ለቀማ የወጣውን ነው። እሱም ከቤተሰቡ ጥቂቱ ነው። ሌላው ቤት ውስጥ ሆኖ እጭ ይመግባል፣ ጓዳ ያጸዳል። ንግሥቷ ደግሞ ያለማቋረጥ ዕንቁላል ትጥላለች። ሲንኩ ላይ መቶ ጉንዳን ብንገድል ለእሷ የአንድ ሰሞን ኪሳራ ነው። ዕድሜዋም ቀላል አይደለም። በጓሮ ውስጥ ከሚገኙት ጥቁር ጉንዳኖች የአንዱ ዝርያ ንግሥት በሰው እጅ ተይዛ ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። ድመትም ይህን ያህል አትቆይም።

ይባስ ብሎ መርጨት ነገሩን የሚያበዛበት ጊዜ አለ። የፈርዖን ጉንዳን የሚባሉ፣ ደቃቅና ቢጫማ፣ ቤት ውስጥ የግድግዳ ሙቀት የሚወዱ ጉንዳኖች አሉ። እነዚህ አንድ ጎጆ ውስጥ ብዙ ንግሥቶች አሏቸው። ፍሊት ሲነፋባቸው ቤተሰቡ ይከፋፈላል። አንዱ ወገን ወደ ሶኬት፣ ሌላው ወደ ቁምሳጥን ጀርባ ይሄዳል። አንድ ጎጆ የነበረው ሦስት አራት ይሆናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በጣም ደቃቅ፣ ቢጫ ጉንዳን ካያችሁ እጃችሁን ከፍሊቱ አንሡ።

የጉንዳን መንገድ

ምግብ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጉንዳን ወደ ቤት ስትመለስ ሆዷን መሬት እያስነካች ሽታ ትጥላለች። ሌሎቹ ያንን ሽታ ይከተላሉ። እነሱም ሲመለሱ ይጨምሩበታል። ምግቡ ሲያልቅ ማንም አይጨምርም፤ ሽታው ይተንና መንገዱ ይጠፋል። ስለዚህ ሰልፉ ራሱ ካርታ ነው። ትልቁ ስህተት ካርታውን ሳናነብ በሳሙና ማጠባችን ነው። መጀመሪያ ተከተሉ፣ ከዚያ አጽዱ።

ሰልፉ በሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ የቱ ወደ ቤት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ወደ ቤት የምትመለሰዋን ተሸክማ ታገኟታላችሁ። ባትሸከም እንኳ ሆዷ ተነፍቶ ያብለጨልጫል፤ ፈሳሽ ጠጥታለች። ባዶ ሆዷን የምትሮጠው ወደ ምግቡ ነው። የተሸከመችውን ያዙ። ዓይናችሁን ከአንዷ ላይ አትንቀሉ። ከጠፋችባችሁ ሌላ ተሸካሚ ፈልጉ።

ሰልፍ ከሌለና አንድ አንድ ብቻ የሚንከራተቱ ከሆነ፣ ሰልፉን እናንተ ሥሩት። ቁራሽ ወረቀት ላይ የስኳር ውሃ ጠብታ አድርጉ። ካልፈለጉት ቅባት ያለው ነገር ሞክሩ። አንዳንድ ሰሞን እጮቻቸው ብዙ ሲሆኑ ከጣፋጭ ይልቅ ፕሮቲንና ቅባት ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ይዘረጋል።

ጉንዳን ክፍት ሜዳ አይወድም። የግድግዳ ጠርዝ፣ የቧንቧ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይዞ ይሄዳል። መንገዱ ግድግዳ ውስጥ ከገባባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በዚያው ግድግዳ ውጭ በኩል ዞራችሁ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ጎጆው ውጭ ነው። ግድግዳው መተላለፊያ ብቻ ነው። ከሶኬት የሚወጡ ከሆነ ግን ሶኬቱ ውስጥ ምንም ነገር አትርጩ፤ ፈሳሽና መብራት ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልገኝም።

ውጭ ከወጣችሁ በኋላ የሚታየው ምልክት የተነቀለ አፈር ነው። ደቃቅ፣ እንደተወቀጠ ያለ፣ በቀዳዳ ዙሪያ የተከመረ። ፀሐይ የሚያሞቀው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር፣ የንጣፍ ድንጋዮች መገጣጠሚያ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ የበሰበሰ ግንድ ውስጥ። ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰልፍ ካያችሁ ግን ጎጆው ከላይ ነው ብላችሁ አትውጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት ወደ ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ቅጠልና ቀንበጥ ላይ ተጣብቆ ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ጉንዳኖቹ እንደ ላም ያልቡታል፤ ከጠላትም ይጠብቁታል። ጎጆው ከግንዱ ሥር ወይም ትንሽ ራቅ ብሎ ነው።

እንጨት ውስጥ የሚኖሩ ትልልቅ ጉንዳኖችም አሉ። እነዚህ እንጨት አይበሉም። የረጠበ እንጨት ቦርቡረው ቤት ያደርጉታል። ቡርቦራውን ደግሞ አውጥተው ይጥሉታል። በር ጉበን ወይም መስኮት ሥር ሰጋቱራ የሚመስል ነገር፣ መሐሉ ላይ የሞቱ ነፍሳት ስብርባሪ ያለበት፣ ጠርጋችሁት በማግስቱ እንደገና ከተከመረ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ቀዳዳው ከላዩ ነው። እነዚህ ሌሊት መሥራት ይወዳሉ። በባትሪ ስትከታተሏቸው ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ ወይም ቀይ ወረቀት እሰሩበት። ብዙ ነፍሳት ቀይ ብርሃን በደንብ አያዩም። በንብ ላይ ይህን ያሳየው በኋላ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ኦስትሪያዊ ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። ነጭ መብራት ሲያርፍባቸው የሚበታተኑት በቀዩ ሥር ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ የእንጨት ጉንዳኖች ብዙ ጊዜ ሁለት ቤት አላቸው። ንግሥቷና ዕንቁላሉ ያሉበት ዋናው ቤት ውጭ፣ የበሰበሰ ጉቶ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እናንተ ቤት ያለው ቅርንጫፉ ነው። ቅርንጫፉን ብቻ ማጥፋት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ምስጥ፦ መንገዱ ራሱ ይበቃል

ምስጥን ብዙ ሰው ነጭ ጉንዳን ይለዋል። ዘመዱ ግን በረሮ ነው። ሰውነቱ ልስልስ ስለሆነ አየርና ፀሐይ ያደርቀዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አይሄድም። ከአፈር፣ ከምራቅና ከኩስ የተሠራ ቱቦ ያበጃል። የቱቦው ስፋት እርሳስ ያህላል። ከመሬት ተነሥቶ በመሠረቱ፣ በግድግዳው፣ በቧንቧው ላይ ወደ እንጨቱ ይወጣል። ሰው የማያየው ቦታ ይወዳል፦ ቁምሳጥን ጀርባ፣ ደረጃ ሥር፣ የውሃ ቧንቧ ወለሉን በሚበሳበት ቦታ።

ቱቦው ባዶ ይሁን የሚሠራ ለማወቅ መሐሉ ላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ ስበሩት። ሌላውን ተዉት። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉና ከሦስት አራት ቀን በኋላ ተመለሱ። ከተጠገነ አሉ። ካልተጠገነ ግን የሉም ማለት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ከፍተው ይሆናል። ሙሉውን ቱቦ ጠርጎ መጣል የሚወዱ አሉ። ደስ ይላል፤ ግን የያዝነውን ምልክት ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ክንፍ ነው። «እንደ አሸን ፈላ» ስንል ከምድር ሆ ብሎ የሚወጣውን ክንፋም ማለታችን ነው። ከዝናብ በኋላ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ጥንዶቹ ጥቂት ይበሩና ክንፋቸውን ይጥላሉ። መስኮት ደፍ ላይ ወይም ሸረሪት ድር ውስጥ የተከመረ፣ ሁሉም እኩል የሆነ ክንፍ ካገኛችሁ የምስጥ ነው። ጉንዳንም ክንፍ አውጥቶ ይበራል፤ የእሱ ግን የፊቱ ክንፍ ከኋላው ይረዝማል፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ አንቴናው ላይ ክርን አለው። የምስጡ ወገብ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። አሁን ዋናው ጥያቄ ክንፉ የት ተገኘ የሚለው ነው። ውጭ መብራት ሥር ከሆነ ብዙም አይነግረንም፤ ከሩቅ መብራቱን አይተው መጥተው ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ ውስጥ ከተገኘ ግን ከቤቱ ወይም ከቤቱ ሥር ወጥተዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው እንጨቱን መጠየቅ ነው። በካቻቢቴ እጀታ እየመታችሁ ሂዱ። ደህናው እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ከበሮ ይሆናል። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በካቻቢቴው ጫፍ ጫን በሉት። ከላይ ቀለም ብቻ ሆኖ ውስጡ ባዶ ከሆነ ይሰምጣል። ጸጥ ባለ ሌሊት ጆሮን ለጥፎ መስማትም ይቻላል። ወታደር ምስጦች ሲደነግጡ ጭንቅላታቸውን እንጨቱ ላይ ይደበድባሉ፤ ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ጊዜ ሰዓት መስሎኝ ነበር።

ከአፈር ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው፣ ደረቅ እንጨት ውስጥ ብቻ የሚኖሩም አሉ። እነዚህ ቱቦ አይሠሩም። የሚያጋልጣቸው ኩሳቸው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ደረቅ፣ እንደ አሸዋ የሚንኮለል ቅንጣት ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ ስድስት ጎን አለው። ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ አይሳሳትም። ጎጆው ከላዩ ባለው እንጨት ውስጥ ነው፤ ወንበሩ ራሱ ወይም የበሩ ፍሬም ሊሆን ይችላል።

የአፈሩን ምስጥ ጎጆ ቆፍሮ ማግኘት ግን ብዙ ጊዜ ልፋት ነው። ከቤቱ በአሥር ሜትሮች ርቆ፣ ከመሬት በታች ሊሆን ይችላል። ለባለሙያ የሚጠቅመው መንገዱ በየት በየት እንደሚገባ ማወቁ ነው፤ መርዙም ሆነ ማጥመጃው እዚያ ይቀመጣል። ኩይሳ ካለ ጎጆው አልጠፋም። ሆኖም የኩይሳውን አናት አፍርሶ ጨርሻለሁ ማለት አይሠራም። ከላይ ያለው በአብዛኛው የአየር መተላለፊያ ነው። ንግሥቷ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ጓዳ ውስጥ ተዘግታ በቀን ሺዎችን ዕንቁላል ትጥላለች። አናቱን በቀናት ውስጥ መልሰው ይሠሩታል።

የምስጥ ፍለጋ ሁሌም በእርጥበት ይጀምር። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተደፈነ አሸንዳ፣ አፈር የነካ እንጨት። ሌላ ቦታ ከመፈለጋችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ተርብ፦ በአየር ላይ ያለ መስመር

እዚህ ላይ ወንበሩን ራቅ አድርጉ። አምስት ስድስት ሜትር፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ።

ተርብ እንጨት እያኘከች ከምራቋ ጋር ቀላቅላ ወረቀት ትሠራለች። አጥር ላይ ወይም አሮጌ እንጨት ላይ ቆማ ስትፍቅ ድምፁ ይሰማል። በ1719 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬኦሙር ይህን አስተውሎ፣ ሰውም ከእንጨት ወረቀት መሥራት ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያኔ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። ምክሩን ሰው ሥራ ላይ ለማዋል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት።

የወረቀቱ ጎጆ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው ክፍት ነው፤ የተገለበጠ ጃንጥላ ይመስላል፣ በአንድ ቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ ጉድጓዶቹ ከታች ይታያሉ። የጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ የበር ጥላ ሥር፣ የማይከፈት መስኮት ማዕዘን ላይ ታገኙታላችሁ። ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ሁለተኛው የተሸፈነ ነው። ኳስ መስሎ ዛፍ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፤ አለበለዚያ አሮጌ የአይጥ ጉድጓድ ወይም ግድግዳ ውስጥ ይሆናል። አደገኛው ይሄኛው ነው፤ አይታይማ።

የማይታየውን ለማግኘት ፀሐይ ዝቅ ስትል ጠዋት ወይም አመሻሽ ምረጡ። ፀሐዩን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ጥላ ያለበትን ቦታ ተመልከቱ። ክንፋቸው ብርሃን ስለሚይዝ በጥቁሩ ላይ እንደ ብልጭታ ይታያሉ። ምግብ ላይ ያለች ተርብ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ወደ ቤት የምትሄደው ግን ቀጥ ብላ ነው። መስመሯን በዓይናችሁ ያዙና ከጀርባው ያለ አንድ ነገር ምልክት አድርጉ፤ ያ ምሰሶ፣ ያ የጣሪያ ጫፍ። ከዚያ ወንበሩን አንሥታችሁ ሌላ ቦታ ሂዱና እንደገና ተመልከቱ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ጎጆው አለ። ማር ቆራጮች የጫካ ንብ የሚፈልጉበት ዘዴም ይኸው ነው።

ቀዳዳው ሲገኝ ትራፊኩን አይቶ ማረጋገጥ ቀላል ነው። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፤ በየጥቂት ሰከንዱ። የአየር ማስገቢያ፣ የጣሪያ ክዳን ጠርዝ፣ ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና ቀዳዳውን መድፈን ነው። እባካችሁ አትድፈኑ። ግድግዳ ውስጥ የተዘጋባት ተርብ ሌላ መውጫ ትፈልጋለች። ጂብሰም ቦርድ እያኘኩ ቀድደው መኝታ ቤት ውስጥ የገቡበት ብዙ ነው። ውስጥ በኩል ግድግዳ ላይ የረጠበ የሚመስል ቡናማ ጉድፍ ወይም ሌሊት የማኘክ ድምፅ ካለ ጎጆው እዚያ ጋ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በጣት ጫን አትበሉት። እንደ ወረቀት ቀጥኖ የቀለሙ ሽፋን ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ክረምቱ በጣም በሚበርድበት አካባቢ የተርብ ቤተሰብ በየዓመቱ ያልቃል፤ የሚተርፉት አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ ናቸው። አሮጌውን ጎጆም አይመለሱበትም። ስለዚህ በብርድ ወራት ባዶ ጎጆ ያገኘ ሰው መደንገጥ የለበትም። ሞቃት አካባቢ ግን ጎጆው ዓመት ተሻግሮ ሊሰፋ ይችላል። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ቶሎ ማየት ይጠቅማል። አንዷ ንግሥት ብቻዋን ስትጀምረው ጎጆው ከትንሽ ኳስ አይበልጥም፤ በወራት ውስጥ ሺህ ተርቦች ይኖሩበታል።

ንብ፣ እና ብቸኞቹ

ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የንብ መንጋ ካያችሁ ያ ጎጆ አይደለም። መንገደኛ ነው። አውራዋን ይዘው ከአሮጌው ቤት ወጥተው አዲስ ቤት እየፈለጉ ነው። ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያሉ። በዚያ ጊዜ የሚጠብቁት ማርም እጭም ስለሌላቸው ብዙውን ጊዜ ረጋ ያሉ ናቸው። ሰላዮቻቸው ግን ቤት እያዩ ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ ባደረገው ጥናት 40 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ መግቢያው ትንሽ የሆነ ባዶ ቦታ ይመርጣሉ። የኮርኒሳችሁ ጥግ ይህን በደንብ ያሟላል።

ግድግዳችሁ ላይ ያለ ቀዳዳ ንቦች ሲዞሩት ብታዩ ሰላይ ናቸው ወይስ ነዋሪ? እግራቸውን እዩ። የኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የአበባ ዱቄት ጠቅልለው የሚገቡ ከሆነ ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ፤ ገብተውበታል። ባዶ እግራቸውን የሚገቡ የሚወጡ ከሆነ ገና እያዩት ይሆናል፤ ንብ አናቢ ለመጥራት ጥሩው ጊዜ ያ ነው። ቆይተው የኖሩበት ቀዳዳ አፉ ጠቁሮ የተወለወለ ይመስላል። ይህን መርዝ ነፍቶ መተው የራሱ ጣጣ አለው። ማሩና ሰፈፉ ውስጥ ይቀራል። የሚያቀዘቅዘውና የሚጠብቀው ሲያጣ ይቀልጥና በግድግዳው ይወርዳል። ከዚያ ጉንዳኑ ይመጣል፤ ከላይ ወደጻፍኩት ክፍል እንመለሳለን ማለት ነው።

ብቸኞቹን በተመለከተ አጭር ልሁን፤ አብዛኞቹን ባንነካቸው ይሻላል። በዓለም ካሉ የንብ ዝርያዎች አብላጫዎቹ መሬት ውስጥ፣ አንዲት እናት ለአንድ ጉድጓድ ሆነው የሚኖሩ ናቸው። ሣር በሳሳበት ቦታ ትንንሽ የአፈር ክምር፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ። አይተናኮሉም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይጠፋሉ። እንጨት የምትበሳዋ ትልቋ ጥቁር ንብ በድሪል የተበሳ የሚመስል፣ ፍጹም ክብ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ትተዋለች፤ ሥሩ ሰጋቱራ ይኖራል። የምታስፈራራችሁ ፊት ለፊት የሚንሳፈፈው ወንዱ ነው፤ እሱ ደግሞ መንደፊያ የለውም።

ግድግዳ ላይ ጭቃ የምትለጥፈዋ ቀጭን ተርብም ሰው አታሳድድም። ጭቃው ውስጥ የደነዘዙ ሸረሪቶች ለልጇ አስቀምጣለች። የምትጎዳው ቱቦ ስትደፍን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አንድ ቦይንግ 757 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ ባሕር ላይ ተከስክሶ 189 ሰዎች ሞቱ። የአደጋው መነሻ የፍጥነት መለኪያ ቱቦው መደፈኑና አብራሪዎቹ በተሳሳተው ንባብ መደናገራቸው ነበር። አውሮፕላኑ ለቀናት ቱቦው ሳይሸፈን ቆሞ ስለነበር መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ይችኑ ጭቃ ለጣፊ ነው። ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያልተነካ የጋዝ ወይም የአየር ቱቦ ካለ አፉን አይቶ ማስጀመር አይከፋም።

መንገድ የሌለው በረሮ

በረሮ እንደ ጉንዳን አይሰለፍም። ግን እሱም ይሰበሰባል። ኩሱ ውስጥ ያለው ሽታ ሌሎቹን ወደዚያው ይጠራል። ስለዚህ የምንፈልገው ቆሻሻውን ነው፦ የተበተነ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ነጠብጣብ፣ የተጣለ ቆዳ፣ ቡናማ የዕንቁላል ከረጢት። የትንሿ ቡናማ በረሮ ከረጢት አንዱ ብቻ ከ30 እስከ 40 ዕንቁላል ይይዛል። የፍሪጅ ሞተር አካባቢ፣ የመሳቢያ ማጠፊያ፣ የሲንክ ሥር። ሆዱም ጀርባውም ነገር የሚነካበት ጠባብ ቦታ ይወዳል።

ምልክት ካላገኛችሁ የማጣበቂያ ወጥመድ ግዙ፤ ለመግደል ሳይሆን ለመቁጠር። ስድስት ሰባቱን በየግድግዳው ጥግ አስቀምጡና ቁጥር ጻፉባቸው። ከሁለት ሌሊት በኋላ ቁጠሩ። ብዙ የያዘው፣ በተለይ ደቃቅ ግልገሎች የያዘው ወጥመድ ለመደበቂያው ቅርብ ነው። ግልገል ሩቅ አይሄድም። ወጥመዶቹን ወደዚያ አሰባስቡና ድገሙት። በሦስተኛው ዙር ብዙውን ጊዜ የትኛው መሳቢያ እንደሆነ ይታወቃል። ብርሃን እያለ በቀን የሚዞር በረሮ ካያችሁ መደበቂያው ሞልቶ ተርፏል ማለት ነው፤ ሳትቆጥሩ ባለሙያ ጥሩ።

ቢምቢን ደግሞ ውሃ በቆመበት ፈልጓት። የማሰሮ ሥር ሳህን፣ የተደፈነ አሸንዳ፣ የተጣለ ጎማ። ሙቀት ባለበት ከዕንቁላል እስከ መብረር አሥር ቀን እንኳ ላይፈጅ ይችላል። በየሳምንቱ መድፋት ነው፤ ሌላ ፍለጋ የለም።

ሳትጠጉ በፊት

የምታውቁት የንብ ወይም የተርብ አለርጂ ካለባችሁ ፍለጋውን ለሌላ ሰው ተዉት። ሌላውም ሰው ብቻውን አይሂድ። መሰላል ላይ ሆኖ የተርብ ጎጆ መመልከት የለም፤ ከተርቡ ይልቅ ውድቀቱ ይጎዳል። መሬት ውስጥ ያለ ጎጆ ንዝረት ያስቆጣዋል፤ የሣር ማጨጃ ማሽን ያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ጎጆውን የሚያገኘው በዚህ ክፉ መንገድ ነው። ከማጨዳችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ሣሩ ላይ የሚበረውን ማየት ይበጃል።

ንብ ስትነድፍ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትለቅቃለች። ሽታው ለሌሎቹ «እዚህ ጋ ነው» ማለት ነው። ስለዚህ አንዷ ከነደፈች እያራገፉ መቆም አይገባም፤ ፊትን ሸፍኖ ቶሎ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው። የቀረውን መንደፊያ በጥፍርም ቢሆን ወዲያው ማውጣት። ከንድፊያ በኋላ ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ሳይቆዩ ወደ ሕክምና። ቤንዚን ማፍሰስና እሳት መለኮስ ደግሞ ከተርቡ በፊት ቤቱን ይጨርሳል።

ጎጆው ከተገኘ በኋላ ሁሌ ማጥፋት የለብንም። የጓሮው ጥግ ላይ፣ ማንም የማያልፍበት ቦታ ያለች ተርብ የአትክልቱን አባጨጓሬ እየለቀመች ነው። እኔ ብሆን እተዋታለሁ። በር ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ወይም ግድግዳ ውስጥ ከሆነ ባለሙያ እጠራለሁ። ለባለሙያው ደግሞ «ቤቴ ተርብ አለ» ከማለት ቀዳዳውን በሩቁ ማሳየት ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

የእኔን ማሰሮ የት አደረስኩት? ከነጉንዳኑ ተሸክሜ አጥሩ ጥግ አስቀመጥኩት። ክንዴን ጥቂት ነከሱኝ፣ ተገቢ ነው። ከዚያ ከበሩ እስከ ሲንኩ ያለውን መንገድ በሳሙና ውሃ አጠብኩ። ስንጥቋን በሲሊኮን ደፈንኩ። በማግስቱ ጠዋት ሲንኩ ጠርዝ ላይ መንገድ የጠፋቸው ሦስት ጉንዳኖች ብቻ ሲዞሩ አገኘሁ።